ሩሐማ ኅዳጉ ላይ የጻፈችው

ሩሐማን ያወቅኋት በተጠረጠረች ቀን ነው። ከዚያ በፊት ስሟን ዝርዝር ላይ አይቼው ይሆናል፤ እሷን ግን ልብ ብዬ አላየኋትም ነበር። ከሥነ ልቦና መምህርነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዩኒቨርሲቲው አንዳንድ ጥናት ሲኖረው ለምክር ይጠራኛል። ሄጄ እቀመጣለሁ፣ ሻይ እጠጣለሁ፣ አንድ ሁለት ነገር ተናግሬ ወደ ቡሹሎ ቤቴ እመለሳለሁ። የዚያን ጊዜው ጥናት ከአሥራ ስምንት እስከ ሃያ አምስት ዓመት ስላሉ ወጣቶች ነበር። አንድ ወጣት ራሱን ምን ያህል ለአደጋ ያጋልጣል? በሕይወቱስ ምን ያህል ደስተኛ ነው? ሁለቱስ ይያያዛሉ ወይ?

መረጃ ሰብሳቢዎቹ አምስት ነበሩ። አራቱ ግቢ ውስጥ ለተማሪዎች ቅጽ አደሉ፤ ተማሪ ተቀብሎ ራሱ ይሞላል። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ አጥማጆቹን በቃል እየጠየቀ የሚሞላ ሰው ሲፈለግ እጇን ያወጣችው ሩሐማ ብቻ ነበረች። የሰፈሯ ልጆች ናቸው። እናቷ ወይዘሮ ፅጌ እዚያው ዓሣ እየበለቱ ነው ያሳደጓት። ስታቲስቲክስ ተምራ ተመርቃ፣ ሥራ ስታጣ ሐይቅ ዳር አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ሁለት ዓመት ቆማለች። በተማረችበት ሙያ ያገኘችው የመጀመሪያ ሥራ ይህ ነበር፤ በደንብ ከሠራች በረዳት ተመራማሪነት እንደምትቀጥል ተነግሯታል።

ቅጾቹ ሲመረመሩ ጉድ ተገኘ። ሩሐማ ካመጣቻቸው መቶ አሥራ ሁለት ቅጾች በመቶ አራቱ ላይ «በአጠቃላይ በሕይወቴ ረክቻለሁ» ለሚለው የተከበበው ቁጥር አምስት ነው፤ «በጣም እስማማለሁ» ማለት ነው። «አደገኛ መሆኑን እያወቅሁ የማደርገው ነገር አለ» ለሚለው ደግሞ አንድ፤ «ፈጽሞ አልስማማም»። እንግዲህ በሳንቃ ጀልባ ከጉማሬ ጋር እየተጋፋ የሚውል ልጅ፣ ከሐዋሳ ወጣት ሁሉ ጥንቁቁም ደስተኛውም እሱ ሆነ።

የጥናቱ መሪ ዶክተር ሳያት የቀድሞ ተማሪዬ ናት። ጎበዝ ናት፤ ትዕግሥት ግን አልፈጠረባትም።

«ጋሽ ተክሌ፣ ይሄ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የተሞላ ነው» አለችኝ፣ ክምሩን ወደ እኔ እየገፋች።

ሩሐማ ተጠርታ ገባች። ቀጠን ያለች፣ ደብተሯን ደረቷ ላይ የያዘች ልጅ ናት።

«መቶ አራት ሰው አንድ ዓይነት መልስ ሰጠሽ?» አለቻት ሳያት።

«አዎ፣ ዶክተር።»

«አንቺ እኔን ብትሆኚ ታምኛለሽ?»

ሩሐማ ትንሽ አሰበች። «አላምንም» አለች። «ሄጄ ግን አያለሁ።»

ሳያት መልሱን አልወደደችውም። እስከ ዓርብ ሌላ ቅጽ ሞልታ ካላመጣች ከጥናቱ እንደምትሰረዝ፣ የተሰረዘችበትም ምክንያት በደብዳቤ እንደሚገለጽ ነገረቻት። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የተጻፈባትን ልጅ በዚህ ከተማ ማንም ቅጽ አያስይዛትም።

ኮሪደሩ ላይ ተከትያት ወጣሁ። አሁን ሳስበው የማፍርበትን ምክር መከርኳት።

«ልጄ፣ ሄደሽ ደግመሽ ጠይቂያቸው። ሁለተኛ የተጠየቀ ሰው መልሱን ይለዋውጣል፤ ለአንቺም ይቀልልሻል።»

«ጋሼ፣ ደግሜ ብጠይቃቸው ያንኑ ነው የሚሉኝ» አለች። «ሌላ ይዤ ከመጣሁ፣ ዋሸች የምባለው ያኔ ነው።» ጥቂት ራመድ ብላ ዞረች። «ኅዳጉን ግን አይተውታል?»

አላየሁትም። ማንም አላየውም። ቁጥሩን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ሰው ዓይኑ ከቁጥሩ አይወጣም። ክምሩን ቤቴ ወስጄ መነጽሬን አድርጌ ተቀመጥሁ። በየቅጹ ጠርዝ ላይ በእርሳስ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣ የተባለው ሁሉ እንደተባለ ሰፍሯል። «ጌታ ይመስገን አለ።» «አልሐምዱሊላህ አለ። ቀኝ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሏል።» «ጌታ ይመስገን፣ ምን ይባላል አለ። ትናንት መረቡን ጉማሬ በጥሶበታል።» «ጌታ ይመስገን ብሎ ዞር አለ። ወንድሙ የሰጠመው አምና ነው።»

እኔም ያደግሁት እንዲሁ «ጌታ ይመስገን» በሚባልበት ጸሎት ቤት፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። በምድረ በዳ ያጉረመረሙት እስራኤላውያን ምን እንዳገኛቸው ማንበብ ሳንችል ነው የሰማነው። በእኛ ዘንድ «በሕይወትህ ረክተሃል?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው፣ የተጠየቀው ስለ ራሱ አይመስለውም። እግዚአብሔር ምን አደረገልህ የተባለ ይመስለዋል። በዚያ ላይ ማን ደፍሮ ሦስት ይላል?

ወዲያው ለሳያት ደወልኩላት።

«ነገ ጠዋት አሞራ ገደል እንገናኝ።»

«ዓሣ ሊጋብዙኝ ነው?»

«ቅጽ ልታስሞዪ።»

በማግስቱ ስንደርስ ጀልባዎቹ እየገቡ ነበር። ሩሐማ ቀድማን ቆማለች። ገና እንዳዩዋት ልጆቹ ጀመሯት።

«ሩሐማ! ዛሬም ረክተሃል ወይ ልትዪን ነው?» አለ ዩኑስ የሚባለው፣ ከጀልባው ሳይወርድ። «እናቴ እንኳ እንዲህ አታስብልኝም!»

«ዛሬ የሚጠይቁህ ዶክተሯ ናቸው።»

«ዶክተር? አመመን እንዴ?»

ሳቁ። ሾላው ሥር የተደፋ ጀልባ ላይ ተቀምጦ መረብ የሚጠግን ኤልናታን የሚባል ልጅ ነበር፤ ሃያ ሁለት ቢሆነው ነው። ግንባሩ ላይ ያልደረቀ ቁስል አለ። ሳያት አጠገቡ ተቀምጣ ቅጹን አወጣችና ዓረፍተ ነገሩን አነበበችለት።

«ጌታ ይመስገን!» አለ ኤልናታን።

«እሺ፤ ከአንድ እስከ አምስት ስንት ትለዋለህ?»

«ለጌታ ስንት ይሰጣል?» አላት ገርሞት። «አምስት ነዋ! ከዚያ በላይ አለ እንዴ?»

የሳያት እስክሪብቶ አምስትን ከበበ።

«አደገኛ መሆኑን እያወቅህ የምታደርገው ነገርስ አለ?»

«ኧረ የለም። ጌታ ይጠብቃል።»

እስክሪብቶው አንድን ከበበና ቆመ። ሳያት የከበበችውን አየች፤ ቀጥሎ የልጁን ግንባር አየች።

«ዶክተር፣ ይፈቀድልኛል?» አለች ሩሐማ። መልስ ሳትጠብቅ መረቡ አጠገብ ቁጢጥ አለች። «ኤልና፣ ባለፈው ሳምንት ነፋሱን እያየህ ስንቴ ወጣህ?»

«አራቴ… አይ፣ አምስቴ።»

«ላይፍ ጃኬትስ?»

«ተይ እንጂ! ማን ለብሶ?»

«ይሄ ግንባርህ?»

«ማክሰኞ ተገልብጠን የለ! እናትሽ አልነገሩሽም?»

«ነግረውኛል። እንግዲህ ልጅ ብትወልድ፣ አሥራ ስምንት ሲሞላው ይሄን ጀልባ ትሰጠዋለህ?»

ኤልናታን መረቡን ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ወደ ሐይቁ አየ፤ ጣቱ ላይ የቀረውን ክር ጠቀለለ፣ ፈታ።

«ምነው ሩሐማ» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ጠላቴን ነው እንዴ የምወልደው?»

ቅድም ሲቀልድ የነበረው ዩኑስ ከጀልባው ሆኖ «የእኔንም እንደሱ ብለሽ ጻፊው» አለ።

ዕድሜዬን ሙሉ ስለ ድፍረት አስተምሬያለሁ፤ ግራፍም ሥዬ አስረድቻለሁ። ያን ጠዋት የገባኝን ያህል ግን ገብቶኝ አያውቅም። ኤልናታን በነፋስ ለመውጣት ድፍረት አላስፈለገውም፤ ሁሉም ይወጣል፣ እሱም ይወጣል። ድፍረት ያስፈለገው ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር በጓደኞቹ ፊት ለመናገር ነው። እኛ አደጋውን ሐይቁ ላይ ስንፈልግ፣ ልጆቹ የሚፈሩት አንደበታቸው ላይ ነበር። እንጀራዋ የተያዘባት ልጅስ፣ «አልቀይረውም» ስትል ያደረገችውን በየትኛው ቅጽ ላይ ነው የምናሰፍረው?

ሳያት ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። «ቅጹን መሀል ላይ መቀየር አይቻልም» አለች፤ ለራሷ የምትናገር ትመስላለች። «የተማሪዎቹ በዚሁ ነው የተሞላው።»

«አይቀየር» አለች ሩሐማ። «እሱ እንዳለ ሆኖ፣ ለሁሉም ከጎኑ እንደ አሁኑ ያለ ሦስት ጥያቄ ይጨመር። የእኔን መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች እኔ ደግሜ አገኛቸዋለሁ። የከበብኳቸው አምስቶችም ግን አይጣሉ፣ ዶክተር። ልጆቹ አልዋሹም። ማመስገናቸው እውነት ነው፤ እኛ የጠየቅናቸው የመሰለን ሌላ፣ እነሱ የመለሱት ሌላ ነው።»

ሳያት ሾላውን ቀና ብላ አየችው። «ቅጽሽን ዛፍ ሥር ተቀምጦ የተሞላ ነው ብዬ ነበር» አለች። «ይኸው እኔም ዛፍ ሥር ተቀምጬ አምስት ከበብኩ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ደብዳቤው አልተጻፈም። ሩሐማ ከመቶ አሥራ ሁለቱ መቶ ዘጠኙን አገኘቻቸው፤ ሦስቱ ከተማውን ለቀው ሄደዋል። መቶ ዘጠኙን በአማርኛ፣ በሲዳምኛ፣ ሲያስፈልግም መረብ አብራ እየሳበች ጠየቀች። ውጤቱ በቀረበ ዕለት አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ስለ አሞራ ገደል የሚናገረውን ክፍል ሳያት ለሷ ለቀቀችላት። ወይዘሮ ፅጌ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ከሚባለው ግማሹ ሳይገባቸው፣ ሰው ባጨበጨበ ቁጥር አጨበጨቡ። እኔም ልጄ እንደተዳረች ሁሉ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ባለፈው ሳምንት ረዳት ተመራማሪዋ ሩሐማ የታተመውን ሪፖርት ይዛልኝ ቡሹሎ መጣች። ከወራት በፊት ሊሆን የሚገባውን ያን ጊዜ ተናዘዝሁ።

«ያንን ‹ረክቻለሁ› የሚል ነገር ከሃያ ዓመት በፊት የተረጎምኩት እኔ ነኝ» አልኳት። «ቢሮዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ አንድ ሰው እንኳ ሳልጠይቅ።»

«አውቃለሁ፤ ስምዎ ከቅጹ ግርጌ አለ።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አልሽ?»

«የእርስዎን ስም አንስቼ ብተርፍ፣ የኔ ቅጽ እውነት መሆኑን ማን ያውቅልኝ ነበር?» አለች። ቀጥላ ፈገግ ብላ «ለመሆኑ እንዴት ከረሙ ጋሼ?» አለችኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«አምስት ልክበብ?»

ሳቅሁ። ጉልበቴ ያመኛል፤ ቤቱም ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ጭር ብሏል። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር፤ ለሷ ነገርኳት። ጨርሼ በእጇ የያዘችውን ስመለከት፣ የሪፖርቱ ሽፋን ላይ ስሟ ከሳያት ስም ቀጥሎ ሰፍሮ አየሁና ደግሞ ደስ አለኝ።

«አራት ተኩል በይው» አልኳት።

«ተኩል የለማ ጋሼ፣ ቅጹ ላይ።»

«እንግዲያው ኅዳጉ ላይ ጻፊው።»