ከፈተናው በፊት የጨለመው ስክሪን

ምራቲቱ ለፍርድ ቤት አስተርጓሚነት የሚያበቃትን ፈተና ቤቷ ሆና ልትፈተን ተመዝግባለች። ፈተናው ከምሳ በኋላ ነው፤ ካመለጣት የሚቀጥለው ለከርሞ ነው። ጠዋት የፈተናውን ፕሮግራም ልትሞክር ብትከፍተው፣ ኮምፒውተሩ ላይ «ሴኪዩር ቡት» ካልበራ አላስገባም አላት። ይህ ማሽኑ ሲነሣ የማይታወቅ ፕሮግራም ሾልኮ እንዳይገባ የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። በሌላ ኮምፒውተር እንዳትፈተን ደግሞ የተመዘገበችው በዚሁ ነው።

ኮምፒውተሩን የገጣጠሙላት አማቷ፣ የባሏ አባት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቶርኖ ላይ ብረት ሲቀርጹ ስለኖሩ፣ ሌላ ሰው ገጣጥሞ የሸጠውን ዕቃ አያምኑም። ያገለገለውን ከአዲሱ ለቃቅመው ሠርተው፣ ከሱቁ በምን ያንሳል ብለው ነበር የሰጧት።

መመሪያ እያነበበች የማሽኑ ማስተካከያ ውስጥ ገባች። ማሽኑ እስከዚያ ሲነሣበት የነበረውን አሮጌ አነሣስ አጥፍታ ሴኪዩር ቡትን አበራች። ማሽኑ ጠፍቶ ተነሣ። ማራገቢያው ይዞራል፤ ስክሪኑ ግን ድቅድቅ ጨለማ። አጠፋች፣ አበራች። ያው ነው።

አማቷን ከጓሮ ጠራቻቸው። ስልኳ ላይ አብረው ሲያነቡ ነገሩ ገባቸው። ምስሉን ወደ ስክሪኑ የሚልከው ግራፊክስ ካርድ አርጅቷል፤ አዲሱን አነሣስ አያውቀውም። የነካካችውን ለመመለስ እንኳ የሚታይ ነገር የለም። መላው አንድ ነው፤ ማዘርቦርዱ በሚባለው ዋናው ሰሌዳ ላይ ያለችውን ሳንቲም የምታህል ባትሪ አውጥቶ ማሽኑን የተነካካውን ማስረሳት።

አማቷ ሶኬቱን ነቅለው፣ ክዳኑን ፈተው ካቻቪቴውን ወደ ባትሪዋ ሰደዱ። ጫፉ ወዲያ ወዲህ ተወዛወዘ። ስቶ ካርዱን ነካ። ደግመው ቢሞክሩ ቦርዱን ጫረው። ቶርኖውን የተዉት ይህ እጅ መንቀጥቀጥ ስለጀመረ መሆኑን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ አንሥቶት የሚያውቅ ግን የለም። ሻይ ሲፈስባቸው እንኳ ሁሉም ሌላ ሌላውን ያያል።

ካቻቪቴውን አቀበሏት። «እጄን ታውቂዋለሽ» አሉ ፊቷን ሳያዩ።

«እኔ እኮ ነክቼ አላውቅም፣ አባባ። ብሰብረውስ?»

«እኔ እስክሰብረው ከምንጠብቅ አንቺ ሞክሪው።»

የቱ ጋ እንደምትጫን ነገሯት። ብረቷን በቀስታ ገፋች፤ ባትሪዋ ተስፈንጥራ ወጣች። ጥቂት ቆይታ መልሳ ከተተቻት። ሶኬቱን ሲሰኩት ሞኒተሩ በራ።

ገና ግማሽ መንገድ ነው። ዲስኩም በአሮጌው አሠራር የተከፋፈለ ስለሆነ ወደ አዲሱ መለወጥ አለበት፤ ከተበላሸ ያላት ሁሉ ይጠፋል። የዓመታት የቃላት ስብስቧን ፍላሽ ላይ ገለበጠችና ትእዛዙን ሰጠች። ስክሪኑ ላይ የሚወርደው ጽሑፍ መሀል ላይ ቀጥ አለ። አማቷ የወንበሯን መደገፊያ ጨብጠው ቆሙ። በመጨረሻ ተሳካ የሚል መስመር ወጣ።

አሮጌውን ካርድ ነቅላ የሞኒተሩን ገመድ ያለ ካርድም ምስል መላክ የሚችለው ማዘርቦርድ ራሱ ላይ ሰካች። ማስተካከያው ውስጥ ተመልሳ አሮጌውን አነሣስ አጠፋች፣ ዘበኛው የታመነውን ፕሮግራም የሚለይባቸውን የፋብሪካውን ቁልፎች ጫነች፣ ሴኪዩር ቡትን አበራች። ስክሪኑ ጨለመ። ጨልሞ ቆየ። ከዚያ በራ፤ የፈተናው ፕሮግራምም አስገባት።

ምሳ ሳትቀምስ ነው የተፈተነችው። አማቷ በር ላይ ወንበር አስቀምጠው ወጪ ገቢውን በምልክት ዝም አሰኙ፤ ባሏ ከሥራ ሲመለስ ጫማውን አስወልቀው ነው ያሳለፉት።

አለፈች፤ በጽሑፉ ክፍል ለጥቂት ተርፋ። ውጤቱ የመጣ ሰሞን ሁሉም እራት ላይ እያሉ፣ ስለ እጃቸው ሐኪም ቤት አብረን እንሂድ አለቻቸው። ልጃቸው ሳህኑ ላይ አቀረቀረ።

«ማን ይወስደኛል እያልኩ ነበር» አሉ አማቷ።

ሐኪሙ ያዘዘላቸው መድኃኒት መንቀጥቀጡን አበረደው እንጂ አላጠፋውም። ቶርኖ ላይ አልተመለሱም።