የመርካቶ ጥያቄ በኦስሎ አዳራሽ

መነሻ

ከቦሌ የተነሳሁት በግንቦት መጀመሪያ ነው። ልጄ ትዕግሥት ኦስሎ ላይ የዶክትሬት ጽሑፏን በሕዝብ ፊት ልትሟገትበት ነበር። ጽሑፉ ስለ ነጋዴዎች ነው፤ አሜሪካኖች በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ላይ ሲያምፁ ነጋዴው ምን ጥቅም ፈልጎ ከአመፁ ጋር እንደቆመ ይመረምራል። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ መርካቶ ጨርቅ የሸጥኩ ሰው ነኝ። እንግዲህ ጭንቀቴን አስቡት!

ነገሩ ቂም አለበት። አንድ ሰሞን ግብር ሲበዛብን ሱቅ ዘግተን ነበር። እኔ "ለፍትሕ ነው" ስል፣ ልጄ በስልክ "አባዬ፣ ሱቅ ሲዘጋ ዋጋ ይወጣል፤ ለኪስህ የዘጋኸውን በፍትሕ አታሳብብ" አለችኝ። አንጀቴ አረረ። ከዚያ ወዲህ ወሬያችን ከ"ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ" አላለፈም። "ሂድና ፊት ለፊት ስማት" ብላ የገፋችኝ ባለቤቴ ናት። በፈረንጅ ፊት ነጋዴን ሁሉ ሆዳም ብትለውስ? አውሮፕላን ላይ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ሊንደበርግ

ትዕግሥት አየር ማረፊያ ጠብቃ ሳመችኝ፤ ግን ቶሎ ሻንጣዬን ያዘች። በባቡር መሃል ከተማ ደርሰን፣ እዚያ "ቲባነን" በሚሉት የከተማ ባቡር ወደ ሰፈሯ ሊንደበርግ ወጣን። መንገድ ላይ ሻይና አንድ ጣፋጭ ዳቦ ገዛችልኝ። ዋጋውን በብር አስልቼ ዳቦውን እስከ ፍርፋሪው በላሁት። ሰፈሩ ፎቅ በፎቅ ነው፣ ከጀርባው ጫካ አለ፣ ማታም ፀሐይዋ አልገባም ብላ ታስቸግራለች።

ጎረቤቷ እሌኒ ባርነሃገ፣ ማለትም ሕፃናት መዋያ፣ የምትሠራ የጎንደር ልጅ ናት። "ጋሼ፣ ነገ ከጎንዎ ተቀምጬ እያስተረጎምኩ እነግርዎታለሁ፤ ከሥራ ፍሪ፣ ማለት ፈቃድ፣ ወስጃለሁ" አለችኝ። ልጄ ስለ ጽሑፏ ምንም አላነሳችም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ሙግቱ

አዳራሹ ውስጥ ሁለት ፕሮፌሰሮች ልጄን በጥያቄ ያፋጥጧታል። እሌኒ በጆሮዬ ታንሾካሹካለች፦ ነጋዴዎቹ ቀረጥ ሲጣልባቸው የእንግሊዝ ዕቃ አናስመጣም ብለው ተማማሉ፤ ኮንትሮባንድ ሻይ የሚያስገቡትም ርካሽ የእንግሊዝ ኩባንያ ሻይ ሲመጣባቸው ለነጻነት ጮኹ። "በለው!" አልኩ በሆዴ፤ "አሁን ወደ እኔ እየመጣች ነው።"

ከዚያ ሰብሳቢው አንድ ነገር አወጀ።

"ምን አለ?"

"ከአዳራሹ መሞገት የሚፈልግ ካለ በእረፍት ሰዓት ይንገረኝ ነው የሚለው።"

"ማንም ሰው?"

"ያ፣ አዎ፣ ማንም። ጋሼ... ጋሼ፣ የት ሊሄዱ ነው?"

እረፍት እንደተባለ ልጄ ሰብሳቢው ዘንድ ስታየኝ ፊቷ አመድ መሰለ። "አባዬ፣ በእግዚአብሔር! ወግ ነው እንጂ ማንም አይነሳም እኮ!"

"ሰው ጠይቁ ብሎ ለምኖ ዝም ልበለው?" አልኳት።

ከእረፍት ስንመለስ ስሜ ተጠራ። ተነስቼ ጠየቅኩ፤ እሌኒ ተረጎመችልኝ። "የእንግሊዝን ጨርቅ አናስመጣም ብለው ሲማማሉ፣ መጋዘናቸው ሙሉ ነበር ወይስ ባዶ?"

አዳራሹ ሳቀ። ልጄ ግን አልሳቀችም፤ ፈረንጆቹን ረስታ በአማርኛ "የብዙዎቹ ሙሉ ነበር፣ አባዬ" አለች። ከዚያ በእንግሊዝኛ ቀጠለች። ማስመጣት ሲቆም አሮጌው ጨርቅ በደህና ዋጋ ተሸጠላቸው። መጋዘኑ ሲራቆት ብዙዎቹ መሐላውን ሊያፈርሱ ተሽቀዳደሙ፤ እየከሰሩ የጸኑም ነበሩ። "ነጋዴው ጥቅም አለው ማለት ቃሉ ውሸት ነው ማለት አይደለም" አለች። "እኔም አንድ ጊዜ እንደዚያ ብዬ ሰው አስቀይሜያለሁ። ሰውን ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ጥቅሙ ካለቀ በኋላ የት እንደቆመ እዩት።"

እሌኒ የመጨረሻውን ስትተረጉምልኝ እኔ መሐረቤን ፈለግኩ፤ አላገኘሁትም፤ ዓይኔን በእጅጌዬ ጠረግኩ።

ጋምለ ኦስሎ

ጽሑፏ አለፈ፣ ዶክተር ተባለች። ማታ ጋምለ ኦስሎ በሚባል ሰፈር ካለ የአበሻ ምግብ ቤት ዶሮ ወጥ አቀረቡልን። ትዕግሥት የመጀመሪያውን ጉርሻ እያጎረሰችኝ "ያኔ ያንተስ መጋዘን?" አለችኝ።

"ጢም ያለ ነበር።"

ሳቀችብኝ። "እኔም ዋጋ ይወጣል ያልኩህ ያንን ገምቼ ነው። ሌሎቹ ሱቅ ሲከፍቱ ግን አንተ አልከፈትክም አሉ፤ እማዬ ነገረችኝ።"

"ግብሩ አልተቀነሰማ!" አልኳት። እስኪበቃን ሳቅን።

መመለሻ

አዲስ አበባ በገባሁ ማግስት ሱቄን ስከፍት ጎረቤት ነጋዴዎች ከበቡኝ። መንገድ ብዙ አስተምሮኛል፤ ቂም በስልክ እንደሚያድግና በአካል ሲገናኙ እንደሚያንስ፣ የሚፈሩትን ነገር ሄዶ መስማት እንደሚሻል። እነሱ ግን የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"በል እንጂ ንገረን! ልጅህ ሰደበችን ወይስ አሞገሰችን?"

"አወቀችን" አልኳቸው።