ባቄላው የገፋው ግድግዳ

ባለፈው ሐምሌ፣ መሳለሚያ ላይ ታክሲ ውስጥ እንዳለሁ መንገዱ ተዘጋጋ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ከፊታችን የቆመው አይሱዙ ሸራው ተቀዶ የጫነው እህል ረጥቦ ኖሯል፤ በተከፈተው መስኮት አንድ ሽታ ገባ። የረጠበና የጋለ ባቄላ ሽታ ነው። ከጎኔ የተቀመጠችው ወጣት አፍንጫዋን ያዘች። እኔ ደግሞ አንገቴን ወደ መስኮቱ አሰገግኩ። ስድሳ ዓመቴን ልደፍን ጥቂት ነው የቀረኝ፤ ያን ሽታ መጀመሪያ ያሸተትኩት ግን በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ከዚያው ብዙ በማይርቅ መጋዘን ውስጥ ነበር።

ያኔ ከንግድ ትምህርት ቤት ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም። እህል በረንዳ አካባቢ ሐጂ ከድር የሚባሉ የጥራጥሬ ጅምላ ነጋዴ በጸሐፊነት ቀጥረውኝ ነበር። ሐጂ በልጅነታቸው ከስልጤ አገር መጥተው፣ ተሸክመው፣ ቸርችረው እዚያ የደረሱ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ ሰው ናቸው። መጋዘናቸው ረጅም፣ ጠባብ፣ መስኮት የሌለው የጭቃ ቤት ነበር። ጆንያ ውድ ስለነበር ባቄላው ወለሉ ላይ ይዘረገፋል። በሩ ላይ ሳንቃ በሳንቃ እየተደራረበ ይገደባል፤ ተሸካሚዎቹ በመወጣጫ ይወጡና ወደ ውስጥ አርቀው ያፈሱታል። ሲሸጥ ደግሞ ከበሩ በኩል እየተዛቀ ይወጣል።

በውስጡ ስንት እንዳለ ያውቃሉ የሚባሉት ጋሼ ተካ ብቻ ነበሩ። የመጋዘኑ ኃላፊ ናቸው፤ ሃያ ዓመት በዚያ በር ላይ ቆመዋል። ጠዋት ጠዋት በሳንቃዎቹ ላይ አሻግረው ያዩና፣ "ሁለት መቶ ኩንታል ቢቀር ነው" ይላሉ። ሐጂም ይህን ሰምተው ይገዛሉ። የተገዛው ይፈስሳል፣ ከፊት ከፊቱ ይሸጣል፣ ሳምንት ሳይሞላው እንደገና "ሁለት መቶ ቢቀር ነው" ይባላል። ጋሼ ተካ ሌባ አልነበሩም። ይህን አስቀድሜ መናገር እወዳለሁ፤ ምክንያቱም በኋላ ብዙ ሰው ብዙ ብሏል።

በዚያ ሐምሌ ሐጂ ለፍልሰታ ጾም ሁለት መኪና ባቄላ ሊያስመጡ አሰቡ። ክረምት ስለሆነ ዋጋው ሰማይ ነክቷል። መኖሪያ ቤታቸውን አስይዘው ከባንክ ሊበደሩ ወሰኑ፤ ባንኩ ደግሞ በመጋዘን ያለው እህል ተጽፎና ተፈርሞ ይምጣልኝ አለ።

"ልጄ፣ ተካ የሚልሽን ጻፊና ፈርሚ" አሉኝ።

"ሐጂ፣ እርስዎ ከፈቀዱ ለክቼ ልፈርም።"

ጋሼ ተካ በሩ ላይ ሆነው ሰምተው ኖሮ ሳቁ። "በምን ልትለኪው ነው? በማስመሪያ?"

ሐጂ ትንሽ አሰቡና፣ "ትለካ" አሉ። "እስከ ምሳ ሰዓት።"

ድፍረቴ ከየት እንደመጣ ዛሬም አላውቅም። ያላየሁትን መፈረም ፈርቼ ይሆናል። ከምናለሽ ተራ አንድ ቀጭን ረጅም ፌሮ ገዛሁ። አናጢ ጎኑ ሁሉ ግማሽ ግማሽ ሜትር የሆነ ሣጥን ሠራልኝ። ሣጥኑን ባቄላ ሞልቼ ስመዝነው አንድ ኩንታል ሆነ። እንግዲህ የክምሩን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ካወቅሁ የቀረው ማባዛት ብቻ ነው። ባትሪና ሜትር ይዤ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ በሳንቃው ላይ ተሻግሬ ገባሁ።

ከበሩ ሲያዩት በጨለማው ወደ ውስጥ ያለቀ የሚመስለው ባቄላ፣ ጥቂት እንደሄድኩ ሽቅብ ይወጣ ጀመር። በጉልበቴ ዳህኩ። ባቄላው ከሥሬ እየተንሸራተተ ወደ ኋላ ይመልሰኛል። ጣሪያው ዝቅ እያለ የመጣ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ከፍ እያልኩ የነበርኩት እኔ ነኝ። ግንባሬ ከቆርቆሮው ጋር ሲጋጭ ቆምኩ። ጋሼ ተካ ሃያ ዓመት ሲያዩ የኖሩት ከበሩ ጎን ያለውን ቁልቁለት ብቻ ነበር። ከኋላው የተራራ ያህል ባቄላ ተኝቷል።

ፌሮውን ወለሉ እስኪያግደው ሰደድኩት። ሳወጣው ጫፉ ይሞቃል። አላመንኩም፤ እጄን እስከ ክርኔ ከተትኩ። ውስጡ ያቃጥላል። ጣሪያው የሚያፈስበት ቦታ ነበርና ባቄላው ውኃ ጠጥቶ፣ አብጦ፣ እርስ በርሱ ይግላል። ያ ሽታ ያኔ ነው ፊቴን የመታኝ።

እንደምንም ራሴን አረጋግቼ ስፋቱን ልለካ የሜትሩን ጫፍ በምስማር አሰርኩ። በበሩ በኩል አምስት ሜትር ነበር። እዚህ አምስት ሜትር ከአርባ ሳንቲም ሆነ። የተሳሳትኩ መስሎኝ ደገምኩት። አሁንም ያው ነው። ባትሪውን ወደ ግራ ሳበራ ግድግዳው ከላይ ወደ ውጭ ተዘንብሎ፣ በጣሪያውና በእሱ መካከል የብርሃን ስንጥቅ አየሁ። በስንጥቁ የሽሮ ሽታና የሰው ሳቅ ይገባል።

ከግድግዳው ወዲያ የእትዬ ብርቄ ምሳ ቤት ነው። ቀኑ ረቡዕ፣ ሰዓቱ ስድስት ተኩል።

ባዶ እግሬን በጭቃው ዞሬ ሮጥኩ። ቤቱ በተሸካሚዎች ተሞልቷል። እትዬ ብርቄ ጭልፋ ይዘው ቆመዋል።

"እትዬ፣ ይህ ግድግዳ ምን ሆኗል?"

"ምን እባክሽ፣ ከሰኔ ጀምሮ ያልበዋል" አሉ። "ስንጥቁን ልሸፍን ብዬ ነው ጨርቅ የሰቀልኩበት። ሙቀቱ ግን ደግ ነው። በዚህ ብርድ ሰው ሁሉ በዚያ በኩል ለመቀመጥ ይሻማል።"

እውነትም ስድስት ሰዎች ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ ሙቀቱን እያጣጣሙ ይበላሉ። ጨርቁን ገለጥኩት። እጄ እስከ አንጓው ስንጥቁ ውስጥ ገባ።

ውጡ ስላቸው ማንም አልተነሳም። አንዱ፣ "እኅቴ፣ እንጀራ ላይ ነን" አለኝ። ይህን ጊዜ ሐጂና ጋሼ ተካ ተከትለውኝ ደረሱ። ሐጂ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ትንሽ ቆዩና ፊታቸው አመድ መሰለ።

"ሁላችሁም ውጡ" አሉ በዚያው ዝግ ባለ ድምፅ። "ምሳው በእኔ ነው።"

ሰዉ እያጉረመረመ ወጣ። እትዬ ብርቄ ድስታቸውን ይዘው ወጡ። ጋሼ ተካ ግን ባዶ በቀረው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

"ሃያ ዓመት የቆመ ግድግዳ በዚች ልጅ ሜትር ሊወድቅ ነው?"

"ተካ፣ ተነስ" አሉ ሐጂ፣ ከእኔ ጋር በሩ ላይ ቆመው።

"ቁራሽ ልቅመስና እነሳለሁ" ብለው የተተወውን ትሪ ወደ ራሳቸው ሳቡ።

ድምፁ እንደሚታሰበው ትልቅ አልነበረም። አቡጀዲ ሲቀደድ የሚሰማውን ይመስላል። ጨርቁ ተነፋ፣ ከዚያ ግድግዳው እንዳለ ተኛ። ባቄላው በላዩ እየፈሰሰ፣ እየተነነ፣ አግዳሚውን፣ ትሪውን፣ ጋሼ ተካን ዋጠ። ጥቁር ነበር። ባቄላ እንዲያ ጥቁር እንደሚሆን አላውቅም ነበር።

ከዚያ ተሸካሚዎቹ ዘለው ገቡ። በእጃችን፣ በሳህን፣ በጭልፋ ዛቅን። ስንዝቅ ይመለሳል። መጀመሪያ አንድ እጅ አገኘን፣ ቀጥሎ ፊታቸው ወጣ። እግራቸው ከምርጊቱ ሥር ነበርና ሲያወጧቸው አጥንቱ ተሰብሮ ነበር። አፋቸው ውስጥ የገባውን ባቄላ ተፍተው፣ ዓይናቸውን ሲያዞሩ እኔን አገኙኝ።

"ስንት ነበር?" አሉኝ።

"ዘጠኝ መቶ ኩንታል ይሆናል፣ ጋሼ።"

ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሐጂ ከባንክ ሳይበደሩ ቀሩ፤ ቤታቸውም ተረፈላቸው። ከዘጠኝ መቶው ሲሶ የሚሆነው ተበላሽቶ በመኪና ተጥሏል። የዳነው ለፍልሰታ በቅቶ ተረፈ፤ ሁለቱ መኪና ባቄላ ቢገዛ ኖሮ በዚያው ክምር ላይ ሊፈስ ነበር። ከሁሉ በፊት ግን የእትዬ ብርቄን ቤት በብሎኬት አሠሩላቸው። አንድ ቀን ሥራውን ቆመው ሲያዩ፣ "ባቄላውን የያዝኩት እኔ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ እሱ ነው ይዞኝ የኖረው" አሉኝ። ከዚያ ወዲያ በየወሩ መጨረሻ ካልተለካ አንድ ጆንያ አይገዛም ነበር። ጋሼ ተካ ከአራት ወር በኋላ በምርኩዝ ተመለሱ። ለብዙ ቀን አላናገሩኝም። አንድ ጠዋት ግን ሜትሩን ከጠረጴዛዬ አነሱና፣ "ጫፉን እኔ ልያዝልሽ" አሉ። ሁለታችንም ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ሳንነጋገር ስድስት ዓመት አብረን ለካን።

ዕድሜዬ እየገፋ ሲሄድ ከግድግዳው መውደቅ ይበልጥ የሚያስደነግጠኝ ሌላ ነገር ሆኗል። በዚያ ቤት ማንም አልዋሸም። ጋሼ ተካ ያዩትን ተናገሩ፣ ሐጂ የሚያምኑትን ሰው አመኑ፣ እትዬ ብርቄ የሚሞቅ ግድግዳ በማግኘታቸው ደስ አላቸው። ሁላችንም በጎኑ ስናልፍ፣ ስንበላ፣ ስንሳሳቅ ከረምን። እኔም ብሆን ባንኩ ፊርማዬን ባይጠይቀኝ ኖሮ በዚያ ሳንቃ ላይ አልሻገርም ነበር። ይህን ሳስብ ሌሊት እንቅልፌን የማጣበት ጊዜ አለ፤ ስድስቱ ሰዎች ጀርባቸውን ሰጥተው፣ እየሞቃቸው፣ ቀስ ብለው ሲያኝኩ ይታዩኛል።