ጫት መሃል የቀረው የእናቴ ጉልቻ

እናቴ ዛሬ የሰው ጫት ማሳ ዳር ቆማ «ቤቶች» ብላ ተጣራች።

ማሳው ከመቻራ ከተማ በላይ፣ ተራራው ወገብ ላይ ነው። በደርግ ጊዜ፣ ለመንደር ምሥረታ እስክንነሳ ድረስ ቤታችን እዚያ ነበር። ቤታችሁን ራሳችሁ አፍርሱ ተባልንና እንጨቱን ተሸክመን ሜዳው ወረድን።

«ሳልሞት አንዴ አሳዪኝ» እያለች ስትነዘንዘኝ ኖራ ይኸው ዛሬ ከጭሮ ይዣት ሄድኩ።

እኔ መቼም አለቅሳለሁ ብዬ ቦርሳዬን ሶፍት ሞልቼው ነበር። የጫማዬን ጭቃ ጠረግኩበት።

የማሳው ባለቤት ፋጡማ «ኮታ፣ ይምጡ እማማ፣ ይግቡ» እያለች ወጣች። ቤታችን እዚህ ነበር ስንላት ጫቱ መሃል ሦስት የጠቆሩ ድንጋዮች አሳየችን። የእናቴ ጉልቻ ነው።

«ጫቱን ስንተክል አላነሳነውም» አለች። «ጉልቻ ባለቤት አለው፣ አንድ ቀን ይመጣል ብለን።»

እናቴ ጎንበስ ብላ በእጇ ነካችው።

«በይ መጥቻለሁ» አለቻት። «አሁን አንሺውና ጫት ትከዪበት።»

ከዚያ እንውረድ አለችኝ፣ ወረድን። እስካሁን ምንም አልተሰማኝም፣ ራቴንም በልቻለሁ።

እናንተስ፣ ያኔ ከተነሳችሁበት ተመልሳችሁ ያያችሁ፣ አለቀሳችሁ? ወይስ እንደኔ ዝም ነው ያላችሁ?