ሕፃኗን ያላነሳሁባቸው ቀናት

የያዙኝ ሱሉልታ፣ ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ሳስተምር ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ስለ ጭሰኞች የሚያወራ ወረቀት ተገኘ፤ የጠመኔ እጄን እንኳ ሳልታጠብ ወሰዱኝ።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር፤ የገብስ ብናኝ ሽታ አልለቀቀውም። ውስጡ ሁለት ሴቶችና አንዲት ሕፃን አገኘሁ። አሮጊቷ የባለመሬቱ ትራክተር ማሳቸው ሲገባ ፊቱ ተቀምጠው «እኔን አርሰህ እለፍ» ያሉ ናቸው። በኦሮምኛ እናቴ እንደማለት፣ አዴ እንላቸዋለን። ወጣቷ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሞላት ነው። የሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ እመቤቷ ቀለበት ሰርቃኛለች ብላ አሳስራታለች። ሕፃኗ የእሷ መሆኗን ያወቅሁት ሲነግሩኝ ነው። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታጠባታለች። ስሟን አትጠራም፤ «ይቺ» ነው የምትላት።

እኔ ደግሞ አምስት ታናናሾች አዝዬ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሕፃኗ ገና ከንፈሯን ስትጥል ብድግ አደርጋታለሁ። በሳምንቱ ከእቅፌ አልወርድ አለች። አልዋሽም፣ ኮራሁ።

እሑድ ዕለት የእስር ቤቱ አዛዥ በበሩ ብቅ አለና ሕፃኗን እኔ እቅፍ ውስጥ አየ። እናትየው ካልፈለገቻት ሐሙስ ልጅ ያልወለዱ አንዲት ሴት መጥተው ይወስዷታል አለ።

«ይውሰዷት» አለች ልጅቷ። «ከእኔ ምን ታገኛለች?»

ደሜ ፈላ። አዛዡ እንደሄደ፣ ድንጋይ እንኳ ከአንቺ ይሻላል አልኳት። የመለሱልኝ አዴ ናቸው፤ ድምፃቸውን ሳያነሱ።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይቺ ልጅ ቀለበት ሰረቀች አሉ፤ እኔ አላየሁም። አንቺ ግን ልጇን ስትሰርቂያት በዓይኔ አይቻለሁ።»

በዚያ እስር ቤት ከተናገሩኝ ሁሉ ያመመኝ ይሄ ነው፤ እውነት ነበርና። እጇን ገና ስትዘረጋ እየቀደምኳት፣ እንደማትችል ያስተማርኳት እኔው ነበርኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕፃኗን ከእናቷ በቀር ማንም እንዳያነሳ አዴ ከለከሉ። ቤተሰቦቻቸው ከምሳ ጋር ለፀጉራቸው ቅቤ ይልኩላቸዋል፤ ፀጉራቸውን ተዉትና ለሕፃኗ አደረጉት። ጠዋት ፀሐይ እንድንሞቅ ሲያወጡን ልጅቷን እግሯን አስዘርግተው ያስቀምጧታል። ሕፃኗን ጭኗ ላይ ያስተኙና፣ እጇን በእጃቸው ይዘው ያሳሿታል፤ ዓይኗን እያየሽ አነጋግሪያት ይሏታል።

«ምን ልበላት?»

«ያለሽን።»

ልጅቷ የሕፃኗን አንድ እግር ያዘች። «ይሄ እግርሽ ነው» አለቻት። «ይሄኛውም።»

ማክሰኞ ሕፃኗ አለቀሰች፤ እጇንም ወደ እኔ ዘረጋች። ብድግ አልኩ። አዴ የነጠላዬን ጫፍ ይዘው አስቀሩኝ። ዞሬ ግድግዳውን አየሁ። ለቅሶው አልቆም ሲል ልጅቷ አነሳቻት፤ አያያዟ እንስራ የምትሸከም ይመስል ነበር። ሕፃኗ ለረጅም ጊዜ ታግላ ደከማትና ደረቷ ላይ ተኛች። ረቡዕ ጠዋት ቅቤውን ስትቀባት ሕፃኗ የእናቷን አፍንጫ ያዘች። ልጅቷ ሳቀች። እኔና አዴ ያላየን መሰልን።

ሐሙስ ሴትየዋ መጡ፤ ደህና ሰው ይመስላሉ። አዛዡ ሕፃኗን ከእናቷ ጭን አንስቶ አስታቀፋቸው። ሕፃኗ እሪ አለች። ሴትየዋ ግራ ሲገባቸው አዛዡ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ ያዣት። ያንቺን እቅፍ ለምዳለች።»

እጆቼን ወደ ኋላዬ አጣመርኩ።

«እናቷ እዚህ ናት» አልኩ።

የሰደበኝን ልተወው። ሕፃኗ አየችኝ፤ አልፋኝ ወደ እናቷ እጇን ዘረጋች። ልጅቷ ከመሬት ተነሳች። ሁለት እጆቿን ዘርግታ ወደ ሴትየዋ ሄደች።

«ልጄን ይስጡኝ።»

ልጄ ስትል የሰማኋት ያን ጊዜ ነው። ሴትየዋ አዛዡን አልጠበቁም፤ ራሳቸው ሕፃኗን መለሱላት። «እናቷን ከምታውቅ ልጅ ላይ እጄን አላነሳም፣ ግፍ ነው» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

በሳምንቱ እኔን ወደ አዲስ አበባ አዛወሩኝ። ስወጣ ልጅቷ ሕፃኗን አዝላ፣ የሆነ ነገር እያወራቻት ነበር። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። ልጅቷ በሕይወት ካለች ዛሬ እሷም አያት ናት።

እኔም አያት ሆኛለሁ። ልጄ ከሥራ ደክሟት ስትገባ ሕፃን ልጇ ያለቅሳል፤ እኔ ከወንበሬ አልነሳም።

«እማዬ፣ አንዴ ብታነሺው ምን አለ?» ትለኛለች።

እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ እስክታነሳው እጠብቃታለሁ።