ከቀኝ የተከፈተው መጽሐፍ

ሙባረካ ሥራ አትፈራም። ከወሎ፣ ከካሉ ተነስታ ሪያድ ስትገባ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ በአንዲት ማዳም ቤት ስታጥብ፣ ስትተኩስ፣ የሰው ልጅ ስታሳድግ ኖረች። ከዚያ ሾፌሩን ሙሐመድኑርን አግብታ እዚያው ሪያድ፣ መንሱራ ሰፈር ውስጥ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ገባች። የባሏ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ የተስተካከለ ስለነበር፣ ያን ሁሉ አበሻ ጠራርጎ ወደ አገሩ የመለሰው የ2006ቱ አፈሳ እንኳ በሰላም አለፈላት። የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፊደል። በልጅነቷ ቁርኣን በቃሏ ይዛለች እንጂ ትምህርት ቤት የሚባል ደጅ ረግጣ አታውቅም። ይህንንም ከባሏ በቀር የሚያውቅባት የለም።

ማዳሟ ቤት ሳለች አንድ ነገር ልቧን ወስዶት ነበር። ሴትዮዋ ቁጣዋ ግድግዳ ያፈርሳል፤ ከመግሪብ በኋላ ግን ትንሿን ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ስታነብላት ሌላ ሰው ትሆናለች። ሙባረካ የተተኮሰ ልብስ እንደታቀፈች በር ላይ ቆማ ታያቸዋለች። ልጅ ቢሰጠኝ እኔም እንዲህ አደርጋለሁ አለች። አላህም ናጃትን ሰጣት።

አደረገችውም። ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ ያመጣላትን የአማርኛ መጽሐፍ ማዳሟ ታደርግ እንደነበረው በቀኝ በኩል ትከፍታለች። ማንበብ ባትችልም ሥዕሉ አለ፤ አንደበት እንደሆነ አላህ አልነፈጋትም። አንዲት ግልገል በር ላይ ቆማለች፤ ከቤቷ ወጥታ ትሄዳለች፤ ዝናብ ይደበድባታል፤ ገደል አፋፍ ላይ «ሜእእ» ትላለች፤ በመጨረሻም ለምለም ሣር ላይ እናቷን ታገኛለች። ሙባረካ ዝናቡን በጣቶቿ ጠረጴዛው ላይ ታዘንበዋለች። ናጃትም እራቷን ሳትጨርስ «እማ፣ ያላ፣ ግልገሏን!» ትላለች። የአረብኛ መጽሐፍ ከቀኝ ቢጀምር የአማርኛው ከግራ እንደሚጀምር ለሙባረካ ማን ይንገራት? ሦስት ዓመት ሙሉ ታሪኩን ከጭራው ወደ ራሱ ስታወራው ኖረች።

በ2008 ናጃት እዚያው ሪያድ ባለው የኢትዮጵያውያን ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ገባች። አስተማሪዋ ፋሲካ ልጆቹ ንባብ እንዲወዱ ብላ ዘዴ አመጣች፤ በየሐሙሱ አንዲት እናት መጥታ ከልጇ ጋር ለክፍሉ ታነባለች። የናጃት ተራ ሲደርስ ልጅቱ ዘላ ልትሞት ሆነ፤ እናቷ ግን ማታውኑ ጭንቀቷን ለባሏ ነገረችው።

«ታማለች ልበላቸው?» አላት ሙሐመድኑር።

«ልጄ ለክፍሉ ሁሉ ‹እናቴ ታነብልኛለች› ብላ አውርታለች። ብቀር ውሸታም ይሏታል። ብሄድ ደግሞ ፊደል አለመቁጠሬን ያውቁብኛል።»

«የግልገሏን ይዘሽ ሂጂ። እሷን በቃልሽ ታውቂያት የለም እንዴ?»

ምክሩ ደህና መሰላት። ሰውየው መጽሐፉን አንድ ቀን እንኳ ገልጦ አይቶት አያውቅም።

ሐሙስ ጠዋት ሙባረካ ልጆቹ ፊት ተቀምጣ መጽሐፉን ከቀኝ ከፈተች። «አንዲት ግልገል በር ላይ ቆማ ነበር» ስትል ክፍሉ ጸጥ አለ። ሁለተኛውን ገጽ ስትገልጥ ሙኒር የሚባል ነገረኛ ከፊት ወንበር ብድግ አለ።

«ቲቸር፣ ከመጨረሻው ነው የጀመሩት!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሙባረካ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ያፈረችው ለራሷ አልነበረም፤ አጠገቧ ለቆመችው ለናጃት ነው።

ናጃት ግን ሙኒርን ኮስተር ብላ አየችው። «እኛ ቤት እንደዚህ ነው» አለችው። ከዚያ መጽሐፉን ወስዳ ገለበጠችና ጣቷን የመጀመሪያዋ ፊደል ላይ አሳረፈች።

«እማ፣ እኔ ፊደሉን፣ አንቺ ድምፁን። ያላ!»

ናጃት እየተንተባተበች አነበበች። ሙባረካ መጀመሪያ በለሆሳስ ተከተለቻት፤ ገደሉ ጋ ሲደርሱ ግን «ሜእእ» ያለችው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ እስኪሰማ ነው። ዝናቡን ስታዘንብ ልጆቹም ዴስካቸውን በጣታቸው ይደበድቡ ጀመር። ሙኒርማ ከሁሉ ባሰ። ሲጨርሱ አስተማሪዋ «የናጃት እናት፣ የዛሬ ሳምንትም ይምጡልን» አለቻት፤ እንዲሁ ለይሉኝታ እንዳልሆነ ያስታውቅ ነበር።

በታክሲ ሲመለሱ ሙባረካ አላስቻላትም።

«ከግራ እንደሚጀምር መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ፊደል የቆጠርን ጊዜ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

ናጃት ትንሽ አሰበች። «መጽሐፉ ላይ ግልገሏ እናቷን ትታ ትጠፋለች፤ በሩ ጋ ስትደርስም ብቻዋን ናት። ያንቺ ላይ ግን እናቷን ታገኛታለች።»

ሙባረካ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች። ደስታም እፍረትም ነበረበት። ከዚያ እንባዋን በአባያዋ ጫፍ ጠርጋ «እኔንም ፊደል ታስቆጥሪኛለሽ?» አለቻት።

«ኢንሻአላህ» አለች ናጃት፣ እንደ ትልቅ ሰው።

ከዚያ ወዲህ መጽሐፉ በየማታው ሁለት ጊዜ ይነበባል። መጀመሪያ ከግራ፣ የሙባረካ ጣት የናጃትን ጣት እየተከተለ። ከዚያ ከቀኝ፣ ግልገሏ እናቷን እስክታገኝ ድረስ።