ከምንጣፉ ሥር የተገኘው ሽቦ

ይህ የደረሰብኝ ከአራት ዓመት በፊት ነው። ታላቅ ወንድሜ ደረጀ ካረፈ ሰባት ወር ሆኖት ነበር። ስለ እሱ መጻፍ ይከብደኛል፤ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ይህን ቀን ግን ሰው ቢያውቅልኝ ደስ ይለኛል።

የምንኖረው ጅጅጋ ነው። ወላጆቼ ከመሐል አገር ለንግድ መጥተው በዚያው ቀሩ፤ እኛም እዚያው ተወለድን። ደረጀ በአንዲት አሮጌ ፒክአፕ የነጋዴ ዕቃ ወደ አውበሬ ከተማ ያመላልስ ነበር። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ ቤታችን የሚተዳደረው በዚያች መኪና ነው። ደረጀ በኩላሊት ሕመም ሲያርፍ እማዬ መኪናዋን ልትሸጣት ፈለገች። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት ገና በቅርቡ ነበር። እንዳትሸጣት ለመንኳት።

«አንድ ወር ሞክር» አለችኝ። «አንዲት ነገር ብትደርስ ግን እሸጣታለሁ። በር በሩን እያየሁ መዋል አልችልም።»

ደረጀ ከመታመሙ በፊት ለመኪናዋ አምፕሊፋየርና ሁለት ስፒከር ገዝቶ ነበር። «ይሄን ስገጥም እኔ አውበሬ ሳልደርስ ድምፄ ቀድሞኝ ይገባል» እያለ ይቀልድ ነበር። ካርቶኑ ሳይከፈት አልጋው ሥር ቀረ።

ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ካርቶኑን አወጣሁት። ሙት ዓመቱ ስላልወጣ ቤታችን ዘፈን አይከፈትም፤ እኔም ዘፈን አላማረኝም። የገዛውን ዕቃ ቦታው ላይ ተገጥሞ ማየት ብቻ ነው የፈለግኩት። ለምን እንደሆነ አሁንም በደንብ ማስረዳት አልችልም።

ያን ቀን ለአውበሬ ሱቆች የስፖንጅ ፍራሽ ተጭኖልኝ ነበር። ከምሳ በኋላ ጅጅጋ ውስጥ አብዛኛው ሰው ጫት ላይ ይቀመጣል፤ ጋራዦቹም እስከ አሥር ሰዓት ሰው የለባቸውም። የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራውን ሰው ሄጄ ብጠራው ከተጋደመበት ቀና እንኳን ሳይል «ስጨርስ ና» አለኝ። መጠበቅ አቃተኝ። ፊዚክስ ተምሬ የለ፣ ምን ይከብዳል ብዬ ራሴ ጀመርኩት። ቤት ያገኘሁትን ቀጭን የመብራት ሽቦ ከባትሪው ላይ ቀጠልኩ። ከሞተሩ ወደ ጋቢናው በሚያስገባው ቀዳዳ አሳልፌ አምፕሊፋየሩ ላይ አሰርኩት፤ ስፒከሮቹንም አገናኘሁ። ፊውዝ አላደረግኩም። የአምፕሊፋየሩ ትንሽ መብራት ስትበራ ኮራሁ።

ከከተማ ወጥቼ ኮረኮንቹ ላይ ብዙ ከሄድኩ በኋላ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ወዲያው ከዳሽቦርዱ ሥር ጭስ ወጣ። አቁሜ ሞተሩን አጠፋሁ፤ ጭሱ ግን ባሰበት። ከኋላዬ የተቆለለው ስፖንጅ ነው። አንድ ጊዜ ቢያያዝ መኪናዋም የሰው ዕቃም አይተርፍም። ጀሪካን ውሃ አንስቼ ሮጥኩ።

«ዋርያ! አንተ ልጅ! ውሃውን ተው!»

ከኋላዬ ይመጣ የነበረ የውሃ ቦቴ ቆሟል። ሽርጥ ያገለደመ፣ ጢሙን ሂና የተቀባ ሽማግሌ ሹፌር የመፍቻ ቁልፍ ይዞ ወደ እኔ ይሮጣል። ጉንጩ በጫት ተወጥሯል።

«ኮፈኑን ክፈት! ባትሪው ነው፣ ባትሪው!»

ከፈትኩለት። የባትሪውን አንድ ጫፍ ፈትቶ ነቀለው። ጭሱ ቀስ በቀስ ጠፋ። ሽማግሌው ፍራሹን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ።

«ፍራሽ ጭነህ እሳት ታነድዳለህ? ሞቆህ ልትተኛ ነው?»

መሳቅ አልቻልኩም። «አደር፣ አለቀልኝ» አልኩት። አደር በሶማሊኛ አጎት ነው፤ እኛ አገር ትልቅ ሰው እንዲያ ይጠራል።

«ምን አለቀ? ያለቀው ሽቦ ነው።»

ቀዳዳውን አሳየኝ። መኪናዋ ስትናጥ የብረቱ ጠርዝ የሽቦውን ልባስ በልቶታል። እርቃኑን የቀረው ሽቦ ብረቱን ሲነካ ጋለና ነደደ። ፊውዝ ቢኖረው ወዲያው ይቋረጥ ነበር።

የተቃጠለውን ሊነቅል የጋቢናውን ምንጣፍ ገለጠ። ከምንጣፉ ሥር ወፍራም ቀይ ሽቦ ተዘርግቷል። በሌላ ቀዳዳ፣ በጎማ ቱቦ ውስጥ አልፎ እስከ ባትሪው አጠገብ ደርሷል፤ እዚያ ጋ ፊውዝ አለው። ሁለቱም ጫፎች በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልለዋል። ሁሉ ነገር አልቋል፤ መገናኘት ብቻ ነው የቀረው።

«ይሄን ማን ሠራው?» አለኝ።

«ወንድሜ።»

«እሱ እያለ አንተ ለምን ትነካለህ? የት ነው?»

እንባዬ ቀደመኝ። ሽማግሌው ገባው፤ ጫቱን ተፍቶ ሙስሊሞች ሰው ሲሞት የሚሉትን «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጅዑን» አለ። ከዚያ ክንዴን ይዞ ወደ ጋቢናው ሳበኝ።

«ና፣ ያዝ። እንጨርስለት።»

መንገድ ዳር ቆመን ሠራነው። ናስትሮውን እኔ ፈታሁት፤ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ፣ እሱም አልቸኮለብኝም። ማሳው፣ ማለትም ኔጌቲቩ ሽቦ፣ የሚታሰርበት ብረት ላይ ቀለሙን በቢላ ፋቀ። «ቀለም ላይ ብታስረው በደንብ አይሠራም» አለኝ። የባትሪውን ጫፍ መልሰን አሰርን፤ አውጥተነው የነበረውን ፊውዝ መጨረሻ ላይ አስገባን። ሬዲዮውን ሊከፍት ሲል «አደር፣ ሐዘን ላይ ነን፣ ዘፈን አይሆንም» አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ጣቢያ ፈልጎ የሶማሊኛ ዜና ላይ አቆመው።

በወንድሜ ስፒከሮች መጀመሪያ የሰማሁት ዝናብ የጣለባቸውን ቦታዎች የሚዘረዝር ሰው ድምፅ ነው። ድምፁ ሜዳውን ሞላው። ሽማግሌው ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ ቆመና ድንገት ጮኸ።

«ደምበል! ደምበል ዘንቧል! ግመሎቼ እዚያ ናቸው!»

ሽርጡን ሰብስቦ ዘለለ። እኔም ሳቅኩ። ደረጀ ካረፈ ወዲህ ስስቅ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነበር።

ፍራሹን አድርሼ ማታ ስመለስ ለእማዬ አንድም ሳልደብቅ ነገርኳት። መደበቅ እችል ነበር፤ የመኪናዋ ሽታ ግን ያጋልጠኛል፤ ደግሞም መዋሸት አልፈለግኩም። መኪናዋ እንደምትሸጥ እርግጠኛ ነበርኩ። እማዬ ተቆጥታኝ ስታበቃ «ሽቦውን አሳየኝ» አለች። ምንጣፉን ገለጥኩላት። ብዙ ቆማ አየችው።

«ሳይታመም አንድ እሑድ ቀን ነበር» አለች። «ሙሉ ቀን እዚህ ውስጥ ተኝቶ ዋለ። ምሳ ብለው አልወጣ አለኝ፤ ተጨቃጨቅን። ይሄን ነበር ለካ።»

ከዚያ ምንጣፉን በእጇ አስተካክላ መለሰችው። «እሱ የሠራውን አትንካብኝ። የማታውቀውን ደግሞ ጠይቅ።» ስለ መሸጥ ግን አላነሳችም፤ እስከ ዛሬም አላነሳችም።

አሁንም በዚያች መኪና እሠራለሁ። ያን ሰው መንገድ ላይ ሳገኘው ጥሩምባ እንነፋፋለን። ድሮ ስለ ደረጀ ሳስብ ፊቴ የሚመጣው የሆስፒታል አልጋው ነበር፤ ሌላ መልኩን ረስቼው ነበር ማለት እችላለሁ። ዛሬ የሚመጣልኝ የዚያ እሑድ ደረጀ ነው። ጤነኛ ነው፤ ጋቢና ውስጥ ተጋድሞ፣ ምሳውን ትቶ፣ ናስትሮ በጥርሱ እየቆረጠ ሽቦ ይጠቀልላል።